የአቃቂው ወንዝ ዳር ሆቴል እንዴት ጠፋ? ለአንድ የትዝታ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአቃቂ ወንዝ ዳር ስለነበረውና ዛሬ መሠረቱ እንኳ ስለማይታየው ሆቴል በቅርቡ የወጣው የትዝታ ጽሑፍ በአካባቢያችን ሰው ዘንድ ብዙ ሲያነጋግር ሰንብቷል። ጸሐፊው ያን ቤት ከመረሳት ለማዳን መነሣታቸውን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ስለ አዲስ አበባ ዳርቻዎች የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፣ ስለ አቃቂ ደግሞ ከፋብሪካና ከባቡር ጣቢያ አልፎ የሚጽፍ ከስንት አንድ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሆቴሉ አመሠራረት፣ ስለ እንግዶቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ አጠፋፉ ከተጻፈው ውስጥ አብዛኛው ትክክል አይደለም፤ ዝም ተብሎ ከታለፈም ነገ ሌላው ሰው ይህንኑ እየጠቀሰ ይጽፍበታል።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ሆቴሉን የሠሩት በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው፤ እንግዶቹም ሚኒስትሮች፣ መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ብቻ ስለነበሩ የአቃቂ ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ከማየት በቀር በቤቱ ላይ ድርሻ አልነበረውም፤ በ1967 ደርግ ወረሰውና ሆቴሉ ያን ጊዜ ሞተ፤ የቀረውን ሕንፃ በአንድ የክረምት ሌሊት ደራሽ ውሃ ጠርጎ ወሰደው፤ የወንዙ መበከል ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በቅርብ ዓመታት የመጣ ሌላ ታሪክ ነው። በመጨረሻም ሆቴሉ በቀድሞ መልኩ እንደገና እንዲሠራ ይጠይቃሉ።

እኔ የምለው ከዚህ የተለየ ነው። ሆቴሉን ያጠፋው የወንዙ መበላሸት ነው። የመንግሥት ለውጡም ሆነ የክረምቱ ሙላት ቤቱን ጎድተውታል፤ ከሁለቱም ጉዳት ግን ቤቱ ተነሥቶ ነበር። ሊነሣበት ያልቻለው ነገር ከፊት ለፊቱ የሚያልፈው ውሃ መጥቆር ነበር። ይህን የምለውም ከወሬ ተነሥቼ አይደለም። እናቴ ከወጣትነቷ ጀምሮ ሆቴሉ አልጋ ማከራየት እስካቆመበት ጊዜ ድረስ በዚያ ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። የሆቴሉን ስም ጸሐፊው አልጠሩትም፤ የባለቤቱ ቤተሰቦች በመካከላችን ስላሉ እኔም አልጠራውም። የአካባቢው ሰው ለነገሩ በስሙ አይጠራውም ነበር፤ ሁሉም የሚያውቀው «ወንዝ ዳር» ብሎ ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ እጀምራለሁ። ጸሐፊው ሆቴሉ የጣሊያን ሥራ ለመሆኑ ያቀረቡት ማስረጃ የግንቡ ጥርብ ድንጋይና የበረንዳው ቅስቶች ናቸው። ጥርብ ድንጋይና ቅስት የጣሊያን ብቻ ቢሆን ኖሮ በአገራችን ያሉ ስንትና ስንት ቤተ ክርስቲያኖች የማን ሊባሉ ነው? ጣሊያን ከአገር የወጣው በ1933 ነው። የሆቴሉ ምሥራቃዊ መግቢያ በር ጉበን ላይ ግን በግእዝ ቁጥር «፲፱፻፵፪ ዓ.ም.» የሚል ተቀርጾ ነበር፤ 1942 ማለት ነው። ያ ድንጋይ አልጠፋም፤ ሕንፃው ሲፈርስ አንድ ጎረቤት ወስደው በግቢያቸው የውሃ መውረጃ ላይ አነጠፉት፤ የመጨረሻው ቁጥር ጫፉ ቢሸረፍም ዛሬም ይነበባል። ከግንበኞቹ አንዳንዶቹ ሙያውን የተማሩት በጣሊያን ጊዜ መንገድና ድልድይ ሲሠሩ እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ይህን አልክድም። ሙያውን ከማንም ይማሩት፣ ድንጋዩን የጠረቡት፣ ጭቃውን ያቦኩትና ገንዘቡን ያወጡት ግን የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ባለቤቱም በባቡር ድርጅት ሲሠሩ ባጠራቀሙት ገንዘብ የጀመሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። አቃቂ ሲነሣ ከወንዙ ቁልቁል ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ አብሮ ይነሣል፤ የግድቡ ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣሊያን ዘመን ጋር ተያይዞ ይጠራል። ከዚህ ተነሥቶ በአካባቢው ያረጀ ግንብ ሁሉ የዚያ ዘመን ነው ማለት ግን አቃቂን ከወረራው በፊት ባዶ ሜዳ እንደነበረች ያስቆጥራታል። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ በ1909 ሲጠናቀቅ አቃቂን አቋርጦ ነው ያለፈው። በ1927 ሥራ የጀመረው የሬዲዮ ማሰራጫም የቆመው አቃቂ ላይ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነቱ ሊከፈት በተቃረበበት ጊዜ ለውጭው ዓለም ድምፃቸውን ያሰሙት በዚያ ጣቢያ ነበር። እንግዳ የሚያርፍበት ቤት እዚህ ቦታ ላይ እንዲቆም ያደረገውም ይኸው የባቡሩና የመኪናው መንገድ እንቅስቃሴ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ከሁሉ ያሳዘነኝ ይህኛው ነው። «የአቃቂ ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ያይ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዚያ ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ይሰርዛቸዋል። ሚኒስትሮች መጥተው ያውቃሉ፤ የውጭ አገር ሰዎችም፣ በተለይ ከአዲስ አበባ እሑድ እሑድ የሚመጡ ግሪኮችና አርመኖች፣ ከነቤተሰባቸው በረንዳው ላይ ምሳ ይበሉ ነበር። ይሁንና የቤቱ ገቢ በእነሱ ላይ ቆሞ አያውቅም። አልጋዎቹን የሚይዙት ከሐረር፣ ከድሬዳዋና ከናዝሬት የሚመጡ ነጋዴዎች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮችና በባቡር መዘግየት የተጉላሉ መንገደኞች ነበሩ። ሌሊት ደርሶ ከተማ ከመግባት እዚህ አድሮ በጠዋት መነሣት ለነጋዴ ይቀለው ነበርና ሐሙስና ዓርብ ክፍል አይገኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግቢው የሠራተኛው ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የደመወዝ ዕለት ማታ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ይሞሏቸዋል፤ የባቡር ሠራተኞች የዕቁብ ዕጣቸውን የሚያወጡት በሆቴሉ የጓሮ በረንዳ ላይ ነበር፤ በጥርና በሚያዝያ የሰርግ ወቅት ከአቃቂ፣ ከቃሊቲ፣ ከዱከም ሳይቀር ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ወንዙን ከጀርባ አድርገው ፎቶ ለመነሣት ይመጡ ነበር። ፎቶውን ለማንሣት ባለቤቱ ክፍያ አይጠይቁም ነበር። እኛ ሕፃናት ከበረንዳው ሥር እየተሹለከለክን ቆርኪ እንለቅም ነበር፤ የሚያባርረን ዘበኛውም የአንዳችን አባት ስለነበር ብዙ አይጨክንብንም። ጸሐፊው አጥሩን ጠቅሰዋል፤ አጥሩ ከወንዙ በኩል ፈጽሞ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ያሉ የገበሬ መንደሮች ሰዎች ወተትና እንቁላል የሚያመጡት በዚያ በኩል ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ተሻግረው ነበር፤ ወጥ ቤቱም የሚገዛው ከእነሱ ነበር፤ በጾም ወራት ደግሞ ከአባ ሳሙኤል በኩል ዓሣ ይዘው የሚመጡ ነበሩ።

እዚህ ላይ የቤቱን ሠራተኞች ማንሣት ግዴታዬ ነው፤ ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሠራተኛ አልጠቀሰምና። ወጥ ቤት፣ አስተናጋጅ፣ ባሬስታ፣ አትክልተኛ፣ ዘበኛ፣ ክፍል አዘጋጅና አጣቢ ሆነው የሠሩት በሙሉ ማለት ይቻላል የአቃቂና የአካባቢዋ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ቤት የሠሩት፣ ልጅ ያስተማሩትና የተዳሩት በዚያ ደመወዝ ነው። የሆቴልን ታሪክ በእንግዶቹ ዝና ብቻ የሚጽፍ ሰው እንግዳ አንድ ሌሊት እንደሚያድር፣ ሠራተኛ ግን ዘመኑን ሁሉ እዚያ እንደሚውል ይረሳል።

ሦስተኛው ነጥብ የደርግ ውርስ ነው። ጸሐፊው «በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሆቴሉ ተወረሰ፤ በዚያው ቀን ሞተ» ብለዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው ይህ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ነው። ኪራያቸው በወር እስከ መቶ ብር የሚደርስ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ነገር ግን አዋጁ ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤትና ራሱ የሚሠራበትን የንግድ ቤት እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር። በእርግጥ ትልልቅ ሆቴሎች በሌላ መንገድ በመንግሥት እጅ ገብተዋል፤ የእኛው ግን ከትልልቆቹ የሚመደብ አልነበረም። ባለቤቱ በአዲስ አበባ ያከራዩዋቸው የነበሩ ቤቶች በአዋጁ ተወስደውባቸዋል፤ ሰውዬው በዚህ በጣም እንደተጎዱና ለብዙ ጊዜ ከሰው እንደተለዩ እናቴ ትነግረን ነበር። ጸሐፊው የሰሙት የውርስ ወሬ ምንጩ ይህ ይመስለኛል።

ሆቴሉ ራሱ በእጃቸው መቆየቱን የሚያሳይ ወረቀት ቤታችን አለ። የእናቴ የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ነው፤ ሮዝ ቀለም ያለው፣ በመሐሉ ከመታጠፍ ብዛት ሊቀደድ የደረሰ። በላዩ የሆቴሉ ስም ታትሟል፤ ቀኑ መጋቢት 1971 ነው፤ በግርጌው የባለቤቱ ፊርማና ክብ ወይን ጠጅ ማኅተማቸው አለ፤ እናቴ መፈረም ስላልተማረች የአውራ ጣቷ አሻራ ከጎኑ ተቀምጧል። አዋጁ ከወጣ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ በኋላ በባለቤቱ ፊርማ ደመወዝ የሚከፍል ቤት በ1967 ሞተ ሊባል አይችልም።

ይህን ስል የዚያን ዘመን ጉዳት እያቃለልኩ እንዳይመስል እፈራለሁ። የሰዓት እላፊው ገደብ የማታውን ገበያ ገድሎታል፤ ሰው ከመሸ በኋላ ለመመለስ ስለሚሰጋ በጊዜ ይነሣል፣ ቡና ቤቱም በጊዜ ይዘጋል። ነዳጅ በኩፖን ሲሆን ከአዲስ አበባ ለእሑድ ምሳ ብሎ አቃቂ ድረስ መኪና የሚያስነሣ ቀነሰ። የአካባቢው ወጣት በእነዚያ ዓመታት ያየው መከራ ደግሞ እዚህ በሁለት ቃል የሚነገር አይደለም፤ ከሆቴሉ አስተናጋጆችም ወጥተው ያልተመለሱ አሉ። እንዲህም ሆኖ ነጋዴውና ሾፌሩ አልቀረም ነበር፤ ክፍሎቹ ይያዙ ነበር፤ ሰርገኞችም ሰዓታቸውን ወደ ቀን አዙረው ይመጡ ነበር። መምጣት ያቆሙት በሌላ ምክንያት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የደራሽ ውሃውን ነገር በአጭሩ ላንሣው። በአንድ ሌሊት ሕንፃ ተጠርጎ አልሄደም። ጸሐፊው የሚሉት ሙላት እውነት ነው፤ ውሃው የታችኛውን የአትክልት ቦታ፣ ድንጋይ የተነጠፈበትን የወንዝ ዳር መቀመጫና ከብረት የተሠራውን ትንሽ መሻገሪያ ወስዷል። ግንቡ ከፍ ባለው መሬት ላይ ስለነበር ከደረጃው በላይ ውሃ አልነካውም። ሕንፃው ከዚያም በኋላ የእህል መጋዘን ሆኖ አገልግሏል፤ ጣሪያው ተነቅሎ ለብዙ ጊዜ ክፍቱን ቆሟል፤ በመጨረሻ ድንጋዩን ሰው በጋሪ እየጫነ ወሰደው። ከላይ የጠቀስኩት የበሩ ጉበን የደረሰበትን እዚያው አካባቢ ሄዶ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ጸሐፊው የወንዙን መበከል «የቅርብ ጊዜ ችግር» ብለው ከሆቴሉ ታሪክ ለይተውታል። የአቃቂ ወንዞች ሁለት ናቸው፤ ትንሹ አቃቂ ከከተማው ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ከምሥራቁ ወርደው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም በ1952 ወደተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ይወርዳል። ሆቴሉ የነበረው በትልቁ አቃቂ ዳር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከሚጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከእነዚሁ ሁለት ወንዞች ራስ ላይ የሚወሰድ መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም፤ ገፈርሳ በትንሹ አቃቂ ራስ፣ ለገዳዲ በትልቁ አቃቂ ራስ ነው። የለገዳዲ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ድሬ ተጨመረ። ከተማው ንጹሑን ውሃ ከላይ ይወስዳል፤ ተጠቅሞበት ሲጨርስ በቀበናና በሌሎቹ ጅረቶች አድርጎ ወደ ታች ይለቀዋል። በበጋ ምንጩ ሲደክም አቃቂ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ብዙው ከዚህ የተመለሰ ነበር። ከዚያ ላይ በወንዞቹ ዳር የተሰለፉት የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሳሙናና የመጠጥ ፋብሪካዎች የሚለቁት ተጨመረበት።

ይህ የሆነው ሆቴሉ በሕይወት እያለ መሆኑን የሚመሰክሩት የአልጋ አንሶላዎቹ ናቸው። በእናቴ የመጀመሪያ ዘመን አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የሚታጠበው በቀጥታ ከወንዙ ነበር። ሴቶቹ ከሆቴሉ ከፍ ብሎ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በሳሙና ይፈትጉታል፤ በሚወርደው ውሃ ያለቀልቁታል፤ ከዚያ ቁጥቋጦና ሣር ላይ ያሰጡታል፤ ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያጭበረብር ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ያስተዋሉት ቀለሙን ነው፤ ነጩ ጨርቅ ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቡናማ ይዞ ይገኛል። ቀጥሎ ሳሙናው አረፋ ማውጣት ተወ፤ በአንዳንድ ቀን ደግሞ ሳሙና ሳይነካው ራሱ ውሃው አረፋ ተሸክሞ ይወርዳል። ከላይ ማቅለሚያ በተለቀቀ ዕለት ውሃው ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል፤ ሴቶቹም አንዷን ሽቅብ ልከው ውሃውን ሳያስዩ ልብስ አይነክሩም ነበር። የእናቴ እጆች በጣቶቿ መሐል ይሰነጣጠቁ የጀመሩት በዚያ ጊዜ ነው፤ ማታ ማታ ቅቤ እየቀባች በጨርቅ ጠቅልላ ትተኛ ነበር። ስለ ወንዙ መታመም ማንም ባለሥልጣን ከመናገሩ በፊት የሆቴሉ አጣቢዎች ያውቁ ነበር።

ባለቤቱ ችግሩን አይተው ዝም አላሉም። ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ለመታጠቢያ የሚበቃ አልሆነም። ቀጥሎ በበርሜል፣ በኋላም በቦቴ ውሃ እያስመጡ ልብሱን በግቢው ውስጥ ማሳጠብ ጀመሩ። በደጁ ወንዝ የሚያልፍለት ሆቴል ውሃ በገንዘብ መግዛት ሲጀምር ሒሳቡ ምን እንደሚሆን ማንም ሊገምት ይችላል። አጣቢዎቹ ተቀነሱ፤ አንሶላ የሚቀየርበት ቀን ተራዘመ፤ እንግዳው ማጉረምረም ጀመረ።

ከሁሉ ይበልጥ የቤቱን መጨረሻ ያሳየን ግን ክፍሎቹ ናቸው። ወደ ወንዙ የሚያዩት ክፍሎች ከሌሎቹ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀውም እነሱን ነው፤ ወደ አውራ መንገዱ የሚያዩትን በመኪና ጩኸት ምክንያት የሚይዛቸው ሌላ ያጣ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህ ተገለበጠ። ደንበኛ የሆነ ነጋዴ መጥቶ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ «በመንገድ በኩል ይሁንልኝ» ይላል፤ በወንዙ በኩል ያሉት መስኮቶች በበጋ ከሰዓት በኋላ ከሽታው የተነሣ አይከፈቱም ነበር። የበረንዳው ወንበሮችም እየተነሡ ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ ዞሩ፤ ሙሽሮች ለፎቶ መምጣታቸውን ተዉ፤ የዕቁብ ማኅበርተኞቹም ሌላ ቤት ፈለጉ። አልጋው የተዘጋው በዚህ ሁኔታ ነው። ካድሬ መጥቶ በሩን ያሸገበት ቀን የለም። ቡና ቤቱ ብቻ ጥቂት ጊዜ ቀጥሎ እሱም ቆመ።

ስለዚህ ወንዙ «በኋላ» አልተበከለም። «የቅርብ ጊዜ» የምንለው እኛ ነን፤ መጽሔትና ቴሌቪዥን ስለ አቃቂ ወንዝ መናገር የጀመሩበትን ጊዜ ከመበከሉ ጊዜ ጋር ስለምናምታታው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ ሲወጣ ሆቴሉ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ማጣራት እንዲችል ሆኖ የተስፋፋውም በ2010 አካባቢ ነው። በዚህ መሐል ወንዙ መፍሰሱን አላቆመም፤ የአቃቂና የቃሊቲ ገበሬም በዚያው ውሃ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ማምረቱን አላቆመም፤ በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ክሮሚየም ቆዳ የሚለፋበት ነገር ነው። ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ አባ ሳሙኤል በደለልና በእንቦጭ ተሸፍኗል፤ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ጣቢያው ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ በቻይና እርዳታ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት የጀመረው በ2009 ነው። ሆቴሉ በዚህ ረጅም ጉዳት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች አንዱ ነበር።

ጸሐፊው ይህን መስመር ወደ ጎን በማድረጋቸው የሚመጣው ጉዳት የታሪክ ስሕተት ብቻ አይደለም። ሆቴሉን ደርግ ገደለው ካልን ገዳዩ ራሱ አልፏል፤ የሚጠየቅም የለም። ጎርፍ ወሰደው ካልንም የሚጠየቀው ሰማይ ነው። ወንዙ ተበላሽቶበት ጠፋ ካልን ግን ወንዙ ዛሬም በዚያው ያልፋል፤ ወደ እሱ የሚለቁትም ዛሬም አሉ፤ የእኔና የጸሐፊው ቤት ፍሳሽም ምናልባት በውስጡ አለ።

ሆቴሉ በቀድሞ መልኩ ይሠራ የሚለውን ጥያቄ አልቃወምም። በ2011 ይፋ የሆነው አዲስ አበባን የማስዋብ የወንዝ ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር እንደሚያስፈልገው ሲነገር የአቃቂ ሰው ብዙ ተስፋ አድርጓል። መናፈሻዎቹ ግን ጎልተው የታዩት በመሐል ከተማ ነው፤ የሁሉም ጅረት ውሃ ተጠቃሎ የሚደርሰው ደግሞ እኛ ጋ ነው። በቀድሞው መልክ የሚሠራ ሆቴል በቀድሞው ቦታ ቢቆም እንግዳው መስኮት ሲከፍት የሚያገኘው እናቴ መጨረሻ ላይ ታገኘው የነበረውን ሽታ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በቅደም ተከተል ይቅረብ፦ መጀመሪያ ከላይ ያሉ ፋብሪካዎች ሳያጣሩ መልቀቅ ያቁሙ፤ የቤት ፍሳሽ ከወንዝ ይነጠል፤ በበጋ ወራት ከግድቦቹ ለወንዙ ራሱ የሚተርፍ ውሃ ይለቀቅ፤ ሆቴሉ ከዚያ በኋላ ይታሰብበት። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፤ የሚቆጠር ገንዘብና የሚያስፈጽም ሰው ይፈልጋል። እስከዚያው የሚሆን ነገር ቢፈለግ የበሩን ጉበን ከውሃ መውረጃ ላይ አንሥቶ፣ ለያዙት ጎረቤት ካሳ ከፍሎ፣ በአካባቢው ትምህርት ቤት ወይም በቀድሞው ባቡር ጣቢያ ግቢ ማቆም ይቻላል።

በመጨረሻ ከጽሑፉ ጋር ስለወጣው ፎቶግራፍ። ከሥሩ የተጻፈው መግለጫ «ሚኒስትሮችና የውጭ አገር እንግዶች በሆቴሉ በረንዳ፤ ከበስተኋላ ለግብዣው የተተከሉ ነጫጭ ድንኳኖች ይታያሉ» ይላል። ይኸው ፎቶ እኛም ቤት፣ የአምስት ሌሎች ሠራተኞች ልጆች ቤትም አለ። የተነሣው በ1963 በትንሣኤ ማግስት፣ ባለቤቱ ለሠራተኞቻቸው በየዓመቱ በሚያደርጉት የምሳ ግብዣ ላይ ነው። ነጭ ኮትና ጥቁር ክራቫት ያደረጉት ሰባት ሰዎች አስተናጋጆቹ ናቸው፤ የደንብ ልብሳቸው ነው። መሐል የተቀመጡት ባለ ባርኔጣ ሰው ባለቤቱ ናቸው። ከቀኝ ሦስተኛዋ፣ ሻሽ ያሰረችውና ሕፃን የታቀፈችው እናቴ ናት። የውጭ አገር ሰው በፎቶው ውስጥ የለም። ከበስተኋላ በቁጥቋጦው ላይ የተዘረጉት ነጫጮችም ድንኳኖች አይደሉም፤ በዚያው ጠዋት ከወንዙ ታጥበው የተሰጡ የሆቴሉ አንሶላዎች ናቸው። መግለጫው በዚህ እንዲታረም ጸሐፊውን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝርም ከቤተሰቦቻቸው ፈቃድ ጋር ልሰጣቸው ዝግጁ ነኝ።